ኩላሊት፣ ጆሮና ዓይን፦ በዘር ስለሚመጣው የአልፖርት ሕመም

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲነሳ ስኳርና ደም ግፊት አብረው ይነሳሉ፤ ልክም ነው፣ ብዙውን ሰው ለእጥበት የሚዳርጉት እነሱ ናቸው። እነሱን ለዛሬ እናቆያቸውና ስሙ በሬዲዮ እምብዛም ወደማይጠራ ሕመም እንለፍ። አልፖርት ሲንድሮም ይባላል። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከሕፃንነት ይጀምራል፤ ኩላሊትን ብቻ ሳይሆን ጆሮንና ዓይንንም ይነካል። በሕክምና መጻሕፍት ከ5,000 እስከ 10,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱን ይይዛል ተብሎ ይጻፋል። የዘረመል ምርመራ እየተስፋፋ ሲመጣ ግን ቀለል ባለ መልኩ ያለባቸው ሰዎች ከተገመተው በላይ እንደሆኑ እየታወቀ ነው።

«ለዚህ ያህል ጥቂት ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ሕመሙ በአገር ደረጃ ጥቂት ነው፤ በገባበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም። አጎት፣ ወንድም፣ የእህት ልጅ እያለ ይዘልቃል። ደግሞም አቅጣጫውን የሚያስለውጠው መድኃኒት በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ፣ ዋጋውም ብዙ ያልሆነ ክኒን ነው። እሱን በሰዓቱ የማግኘትና ያለማግኘት ልዩነት ስንት ዓመት እንደሆነ ወደ በኋላ በቁጥር እነግራችኋለሁ።

ከሽንት እንጀምር።

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጉንፋን ያዘው እንበል። በማግስቱ እናቱ ፖፖው ላይ የምታየው ሽንት እንደ ወትሮው አይደለም፤ ወተት ያልገባበት ሻይ ወይም ኮካ ኮላ መስሏል። ልጁ ግን ሲሸና አያመውም፣ አያለቅስም፣ እንደ ልማዱ ይጫወታል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ጉንፋኑ ሲለቀው ሽንቱም ይጠራል። አንዷ ጎረቤት «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ቀይ ሥር አብልተሽው ይሆናል» ትላለች። ቀይ ሥር በእርግጥ የአንዳንድ ሰው ሽንት ያቀላል። ብቻ ሽንቱ ስለጠራ ነገሩ ይረሳል። ከወራት በኋላ ሌላ ጉንፋን ይመጣል፣ ሽንቱም ዳግም ይጠቁራል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ ደም ያለበት ሽንት ሁሉ አልፖርት አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሽንት ላይ ደም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽንት ቱቦ ቢልሃርዝያ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ደሙን የሚያሳየው በሽንቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ ያቃጥላልም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። የኩላሊት ጠጠርና የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንም ደም ያመጣሉ። ልጆች ጉሮሯቸውን ታመው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊታቸው አብጦ ሽንታቸው ሲጠቁር ደግሞ ከጉሮሮ ሕመሙ የተከተለ የኩላሊት መቆጣት ነው፤ ይህኛው በአብዛኛው ይድናል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ የጉሮሮው ተከታይ ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፤ የአልፖርቱ ጥቁረት ከጉንፋኑ ጋር ይመጣል፣ ከጉንፋኑ ጋር ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሽንቱ ጠራ ባልንበት ጊዜ እንኳ ደሙ አለመጥፋቱ ነው። ሕመሙ ያለበት ወንድ ልጅ ሽንት ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይገኛል። ዓይን አያየውም፤ የላብራቶሪው የሽንት ስትሪፕ ያየዋል። ያቺ ቀለም የተቀባች ቀጭን ወረቀት ሽንት ውስጥ ገብታ በደቂቃ ውስጥ ቀለም ትለውጣለች። ጤና ጣቢያ ውስጥ ካሉ ምርመራዎች ሁሉ ርካሿ ሳትሆን አትቀርም፤ ለእኔ ግን ከብዙ ውድ ምርመራ ትበልጥብኛለች።

ዓመታት ሲያልፉ ደሙን ፕሮቲን ይከተለዋል። ያን ጊዜ ሽንቱ አረፋ ይበዛበታል፤ አረፋውም ቶሎ አይጠፋም። ቆይቶ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጠዋት ጠዋት ዓይን ሥር ያብጣል፣ እግር ይከብዳል። እስከዚያ ድረስ ምንም ዓይነት ሕመም ላይኖር ይችላል። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ ኩላሊቱን ሲጠረጥር አያለሁ፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከአከርካሪ የሚነሳ ነው። የኩላሊት ማጣሪያ ሲጎዳ ግን አይጮህም፤ አልፖርት ያለበት ወጣት እጥበት ደጃፍ እስኪደርስ አንድ ቀን እንኳ ወገቤን ሳይል ሊከርም ይችላል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስሙ ከየት መጣ? ከሰው ነው። አርተር ሲሲል አልፖርት እ.ኤ.አ. በ1880 ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ኤዲንብራ ሕክምና የተማረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ገባ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘበት ያው ሆስፒታል ነው። አልፖርት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ ቤተሰብ ጽሑፍ አወጣ። ቤተሰቡ አዲስ አልነበረም። በ1902 ሌናርድ ጋትሪ የተባለ ሐኪም በልጆቹ ሽንት ደም ማየቱን ጽፎ ነበር፤ ከእሱም ወዲያ ሌሎች ሐኪሞች ተከታትለዋቸዋል። ሁሉም ያዩት ሽንቱን ነው።

አልፖርት ያደረገው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው። ከሽንቱ ሌላ ስለ ጆሯቸው ጠየቀ። ሽንታቸው ደም ያለበት ሰዎች ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው መሆናቸውን አስተዋለ። ወንዶቹ በወጣትነት በኩላሊት ሕመም እንደሚሞቱ፣ ሴቶቹ ግን ዕድሜ እንደሚጠግቡም አየ። ዘረመል ምርመራ በሌለበት ዘመን፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ከሦስት ትውልድ ቤተሰብ ይህን ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። በ1961 ሕመሙ በስሙ ተሰየመ።

ይህ ሰው ለአፍሪካም ሩቅ አይደለም። በ1937 ካይሮ በንጉሥ ፉአድ ሆስፒታል አስተማሪ ሆኖ ሄዶ ነበር። እዚያ ድሆች ሕሙማን የሚያዩትን በደል አይቶ ዝም አላለም፤ ተሟገተ፣ ሰሚ ሲያጣም በኋላ በ1946 የግብፅን ሆስፒታሎች የሚከስ መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ሕመሙ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ያልፉታል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጠባይ ይመስሉኛል፤ ቤተሰቡን ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሐኪምና ለድሃው የጮኸው ሐኪም አንድ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኩላሊትና ጆሮ ምን አገናኛቸው?

እያንዳንዱ ኩላሊታችን አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አሉት። በየማጣሪያው ውስጥ ደሙን ከሽንቱ የሚለይ እጅግ ስስ ሽፋን አለ። የሽፋኑ ጥንካሬ የሚመጣው ኮላጅን ዓይነት አራት ከሚባል የፕሮቲን ክር ነው። ክሩ ነጠላ አይደለም፤ ሦስት ክሮች ተጎንጉነው ነው አንድ የሚሆኑት፤ ተመራማሪዎች አልፋ ሦስት፣ አልፋ አራት፣ አልፋ አምስት ይሏቸዋል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሦስት ዘለላ ጸጉር ትፈልጋለች፤ አንዱ ዘለላ ከጎደለ ሁለቱን ብቻ ይዛ ጉንጉኑን ማስኬድ አትችልም። እዚህም እንዲሁ ነው። አንዱ ክር ሲበላሽ የቀሩት ሁለቱ ደህና ሆነው ሳለ ጉንጉኑ አይሠራም።

ሕፃኑ ታዲያ ለምን ደህና ሆኖ ይወለዳል? ፅንስ ሳለን ሽፋኑ የሚሠራው ከሌላ ዓይነት ኮላጅን ነው። ኩላሊቱ እየዳበረ ሲሄድ ያ ለጋ ሽፋን በጠንካራው ይተካል። አልፖርት ያለበት ልጅ መተኪያው ስለሌለው በለጋው ሽፋን ይቀጥላል። ለጋው ሽፋን ለጥቂት ዓመታት ይሠራል፤ ደሙ በቀን በቀን በግፊት ሲያልፍበት ግን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ማጣሪያው ጠባሳ ይሆናል።

ይኸው ጉንጉን በሰውነት ውስጥ ሌላም ቦታ አለ። ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበለው ክፍል ላይ አለ፤ ዓይናችን ውስጥ ሌንሱን የሚሸፍነው ስስ ከረጢት ላይ አለ። ሕመሙ ቦታ እየመረጠ አይዞርም፤ ክሩ ባለበት ሁሉ ይገኛል እንጂ። ከሦስቱ ክሮች የአልፋ አምስት ዘረመል በኤክስ ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ፣ በሽታውንም እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1990 ታወቀ። የአልፋ ሦስትና የአልፋ አራት ድርሻ በ1994 ተረጋገጠ፤ እነሱ ያሉት በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

(ሙዚቃ)

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ፤ የማንም እውነተኛ ታሪክ አይደለም። ትልቁ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። መምህሩ «ቀልቡ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ሲጠሩት አይሰማም» ይላሉ። ወላጆቹ ጆሮ ሐኪም ጋ ይወስዱታል። ጆሮው ውስጥ መግል የለም፣ ታምቡሩ ደህና ነው፤ «ትንሽ የመስማት ችግር አለው» ተብሎ ይመለሳል። በሌላ ዓመት መነጽሩን ደጋግሞ ያስቀይራል፤ ይህኛው ለዓይን ክሊኒኩ ይነገራል። ሽንቱ የጠቆረ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጥቶታል። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ካርድ፣ ሦስት ባለሙያ፤ ሁሉም የየድርሻቸውን በትክክል ሠርተዋል። ሦስቱን ካርድ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን የለም። የእናቱ ወንድም በሃያ ስድስት ዓመቱ አብጦ እንደሞተ ደግሞ ማንም ለማንም አልተናገረም።

የጆሮውን ነገር ትንሽ ላብራራ። በአገራችን ልጅ መስማት ሲያቅተው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው የሚመግል ጆሮ ነው። የአልፖርቱ የመስማት ችግር አይመግልም፣ አያምም፤ ሁለቱንም ጆሮ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ልጁ ወፍራሙን የአባቱን ድምፅ ይሰማል፣ የትንሽ እህቱን ይስታል። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚሉትን ድምፆች ይደባልቃል። በጫጫታ መሐል ይጠፋዋል። ስለዚህ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» ተብሎ ይቆጣሉታል። ከወንዶቹ ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የመስማት ችግር ይይዛቸዋል፤ ደግነቱ የመስሚያ መሣሪያ በደንብ ይረዳቸዋል። የዓይኑ ችግር ዘግየት ብሎ በጉርምስና መጨረሻ ገደማ የሚመጣ ሲሆን፣ ሌንሱ ወደ ፊት ይወጣና እይታ ይደበዝዛል። ይህም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የማይስተካከለው ኩላሊቱ ነው፤ ወንዶቹ ያለ ሕክምና ከቀሩ ከአሥሩ ዘጠኙ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል።

አሁን የዘሩን ነገር በዝግታ እነግራችኋለሁ፤ እስክርቢቶ ያላችሁ ብትጽፉት አልጠላም።

ብዙው አልፖርት የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፣ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው። ሴት ሁለት አላት፣ ከአባትም ከእናትም። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፣ ለወንድ ልጆቹ ግን ለአንዱም አያስተላልፍም። ደግሜ ልበለው፦ ለሴቶቹ ሁሉ፣ ለወንዶቹ ለማንም። ዘረመሉን የያዘች እናት ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጇ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የማስተላለፍ ዕድሏ እኩል በእኩል ነው። በአልፋ ሦስትና በአልፋ አራት በኩል የሚመጣው መንገድ ሌላ ነው። በከባድ መልኩ የሚታየው ልጁ የተበላሸውን ከሁለቱም ወላጅ ሲወርስ ነው፤ ያን ጊዜ ሴት ልጅም እንደ ወንዱ ትታመማለች። የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ባህል፣ ለምሳሌ አፋር ውስጥ በአብሱማ ጋብቻ፣ ይህን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። በጥቂት ቤተሰቦች ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም ታሞ አያውቅም፤ ስህተቱ በዚያ ልጅ ላይ የተጀመረ ነው።

«ከእናት ይመጣል» ስል የሰማች እናት ካለች ቀጥዬ የምለውንም ትስማኝ። ማንም ዘረመሉን መርጦ አይወለድም። እናቲቱም ካባቷ ወይም ከእናቷ ያገኘችው ነው። እንዲያውም ራሷ ሕመምተኛ መሆኗ ሳይነገራት የኖረች ልትሆን ትችላለች። የቆዩ መጻሕፍት ሴቶችን «አስተላላፊ» ብቻ እያሉ ያልፏቸው ነበር። ስህተት ነበር። አውሮፓ ውስጥ የተሰበሰበ ሰፊ መረጃ በኤክስ በኩል ዘረመሉን ከያዙ ሴቶች 12 በመቶ ያህሉ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው፣ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ እስከ ስድሳ ዓመታቸው ኩላሊታቸው መድከሙን አሳይቷል። ስለዚህ የልጁ ሽንት ሲመረመር የእናቱም ይመርመር፤ ደም ግፊቷም ይለካ።

እኛ ዘር ስንቆጥር የኖርን ሰዎች ነን። በብዙ አካባቢ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የአያት ቅድመ አያት ስም ከነአጥቢያው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አልፖርት በ1927 ለንደን ውስጥ በመከራ ያወጣውን የቤተሰብ ዛፍ እነሱ ቡና እስኪፈላ ይዘረዝሩታል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ስሙ ይቆጠራል፣ የሞቱ ምክንያት አይቆጠርም። «አጎትህ ምን ሆኖ ሞተ?» ሲባል መልሱ «ድንገት ነው»፣ «ሆዱ ተነፍቶ»፣ «አስደግመውበት» ይሆናል። አውቀው የሚደብቁም አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ «እነዚያ ቤት የዘር በሽታ አለ» ከተባለ ለሴት ልጅ ትዳር አይመጣም ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ሰፈር የሚለውን ይላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገና ያልታመመው የእህት ልጅ ነው። ለሰፈር መናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ለሐኪሙ ግን ተናገሩ። በለጋነቱ የሞተ ወንድ፣ እጥበት የገባ ዘመድ፣ በወጣትነቱ መስማት ያቆመ አጎት፣ ሽንቱ ሲጠቁር የሚታወስ ልጅ፤ እነዚህን አራት ነገሮች በእናትም በአባትም በኩል ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩና ያዙ።

ምርመራውስ? መጀመሪያ ሽንት፣ ደም ግፊት፣ ክሬያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ። እነዚህ በብዙ ጤና ተቋም አሉ። ቀጥሎ የመስማት አቅም ምርመራና የዓይን ምርመራ። የኩላሊት ስፔሻሊስት ካስፈለገው ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናው ግን ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል፣ የሽፋኑን መሳሳት የሚያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ስለሆነ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቁርጡን የሚናገረው የዘረመል ምርመራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ የዘረመል ውጤት እስኪመጣ ሕክምና ማቆየት አያስፈልግም። የሽንት ውጤቱ፣ ጆሮውና የቤተሰቡ ታሪክ አንድ ላይ ሲጠቁሙ ሐኪሙ መጀመር ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ያልኳችሁ ቁጥር ላይ ደረስን። ጀርመናዊው ሐኪም ኦሊቨር ግሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥናት አወጡ። 283 የአልፖርት ሕሙማንን የሃያ ዓመት መረጃ አንስተው ነበር የተመለከቱት። መድኃኒት ያልወሰዱት ወደ እጥበት የገቡበት ዕድሜ መካከለኛው 22 ዓመት ነበር። ኩላሊታቸው መድከም ከጀመረ በኋላ የጀመሩት 25 ዓመት። ሽንታቸው ላይ ፕሮቲን ብቻ ሲታይ የጀመሩት ግን 40 ዓመት። ከ22 እስከ 40 ያለው 18 ዓመት ነው። ሰው በዚያ መሐል ተምሮ ይጨርሳል፣ ሥራ ይይዛል፣ ልጅ ያሳድጋል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አብዛኞቻችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ራሚፕሪል የሚባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው። በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጉና ሽፋኑን ያሳርፉታል። አንዲት እናት ለስድስት ዓመት ልጇ የአያቱን የግፊት ክኒን ሲታዘዝላት «ልጄ ግፊት የለበትም!» ብትል አይፈረድባትም። የሚሰጠው ለግፊቱ አይደለም፣ ለማጣሪያው ነው። በኤክስ በኩል ሕመሙ ላለባቸው ወንድ ልጆች ከሁለት ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ እንዲሰጥ ዛሬ ይመከራል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ከጎረቤት ተበድሮ፣ ከአያት ተካፍሎ የሚወሰድ አይደለም።

ጥንቃቄዎቹን ልዘርዝራቸው። በእርግዝና ወቅት ፅንሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ደረቅ ሳል ካመጣ ሎሳርታን በሚባለው ዓይነት ይተካል። ልጁ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ውኃው እስኪመለስ ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከተጀመረ በኋላ የፖታሲየምና የክሬያቲኒን ምርመራ ይደረጋል። ጨው ይቀንስ።

ሌላው የማይወሰደው ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በአገራችን እንደ ከረሜላ ሲወሰዱ ይገርመኛል። ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ደግሞ ኩላሊትንም ጆሮንም ይጎዳል፤ አልፖርት ላለበት ሰው ሁለቱም የተጎዱ ቦታዎች ናቸው። አማራጭ የሌለበት ጊዜ ይኖር ይሆናል፣ መርፌ ሲታዘዝ ግን «የኩላሊት ሕመም አለብኝ» ማለት ልማድ ይሁን። ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ የሥር መድኃኒትም ከዚሁ ጎራ ነው። «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ የሚሸጥ ቅጠል የተበላሸ ዘረመል አያቃናም።

መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ኩላሊቱ በመጨረሻ ከደከመ የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ወጪው ቤተሰብ የሚያናጋ መሆኑን አዲስ አበባ መንገድ ላይ በመኪና ፎቶ ተሰቅሎ፣ በድምፅ ማጉያ እርዳታ ሲጠየቅ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ለአልፖርት ሕሙማን ንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት አለው፤ አዲሱ ኩላሊት ጤነኛ ክር ይዞ ስለሚመጣ ሕመሙ እዚያ አይደገምም። ጥቂቶቹ፣ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት፣ ሰውነታቸው ያንኑ አዲስ ክር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊዋጋው ስለሚችል ክትትሉ ጥብቅ ነው።

የለጋሹ ጉዳይ ግን ከሌላው የኩላሊት ሕመም ይለያል። ልጅ ሲታመም ቀድማ «የኔን ውሰዱ» የምትለው እናት ናት። በአልፖርት ቤት ግን እናቲቱ ዘረመሉን ይዛ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ኩላሊቷን ሰጥታ የሚቀራት ሌላኛው ራሱ የሚደክም ሊሆን ይችላል። እህቶችም እንዲሁ። ወንድም ግን ሽንቱ ንጹህ ከሆነ በኤክስ በኩል ከሚመጣው ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለጋሽ የሚሆን ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ ሽንቱን፣ ጆሮውንና ከተቻለ ዘረመሉን ይመርመር። እናት እንድትሰጥ ስትጫን ሐኪሙ ቢያመነታ ጭካኔ አይምሰላችሁ።

በመጨረሻ ለውጭ ላሉት አድማጮቻችን አንድ ጉዳይ አለኝ። አሜሪካ፣ እስራኤል፣ አውሮፓ ያላችሁ ሰዎች ከመሐላችሁ አልፖርት የተባለ ካለ የዘረመል ምርመራ ተደርጎላችሁ ይሆናል። ውጤቱ የተጻፈበትን ገጽ ሙሉውን ፎቶ አንሱና ለእናታችሁ፣ ለእህቶቻችሁ፣ ለአክስቶቻችሁ ላኩ። ላብራቶሪ የትኛው ክር የት ቦታ እንደተበላሸ አስቀድሞ ካወቀ ለሌላው ዘመድ የሚፈልገው ያችን አንዷን ቦታ ብቻ ነው፤ ምርመራው ያጥራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ከሽንት ውጤቱና ከጆሮ ምርመራው ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ለኩላሊት ሐኪሙ አሳዩት። ፎቶው በስልክ ቢሆንም ይበቃል።